በአጎቴ ዘፈን ተከልለን የዘመርነው

በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ ጸሎቱ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ገባ። እሳቸው ግን ከእኛ ጋር ተንበርክከው አያውቁም። መዝሙራችን ቀበሌ ጆሮ እንዳይደርስ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የፍቅር ዘፈን ያጫውቱልን ነበር። የሸክላው አንዱ ፊት ሲያልቅ ይገለብጡና «በሉ ጸልዩ፤ ኃጢአቱን እኔ እሰማላችኋለሁ» ይሉናል።

ሰባኪያችን ደግሞ በዚያው ዘፈን ተከልሎ፣ «ዘፈን የሚሰማ ክርስቲያን ግማሽ ልቡ ዓለም ውስጥ ነው» እያለ ያስተምራል። አንድ ቀን እንኳ «ተባረኩ» አላላቸውም። ጭራሽ ቀብራቸው ላይ፣ «ወንድማችን ደግ ነበሩ፤ ዘፈኗ ናት እንጂ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዓይን አውጣ!

በሳምንቱ እዚያው ቤት ለጸሎት ተሰበሰብን። በርጩማው ባዶ ነው። ሸክላውን እኔ ከፈትኩና ተንበረከክሁ። ገና መዝሙሩን ስንጀምር ዘፈኑ አለቀ። ሁላችንም ደንግጠን ዝም አልን።

«አንድ ሰው ይገልብጠው እንጂ!» አለ ሰባኪው በሹክሹክታ።

«እርስዎ ቅርብ ነዎት» አልኩት።

እጁን ኪሱ ከተተ። ሌሎቹም ንጹሕ እጃቸውን አጣጥፈው አቀረቀሩ። እኔም እልህ ይዞኝ አልተነሳሁም።

ያን ቀን ሳንዘምር ተበተንን። ኃጢአቱን የሚሰማልን ሰው ሞቷል።