ከስንት አንዴ የምትመጣው ድምፅ

ሶዶ ውስጥ ኮንሰርት አለ ከተባለ እኔ አልቀርም። የልጅ ልጆቼ መጀመሪያ ያፍሩብኝ ነበር፤ «ሰው ምን ይላል» ይሉኝ ነበር። ሰው ምንም አላለም። እንዲያውም አሁን ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «እማማ፣ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ዘፈን አለ» እያሉ ይነግሩኛል። የትልቁ ድምፅ ማጉያ ምት ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሲደልቅ ደስ ይለኛል። የማላውቀው ሰው አጠገቤ ቆሞ እኔ የማውቀውን ዘፈን ሲዘፍን ደስ ይለኛል። ወገቤ እንደ ድሮው ባይታዘዘኝም፣ የኛ ዘፈን ሲመጣ ዝም ብሎ መቆም አይችልም።

የማልወደው የቦታውን ነገር ነው። ሁልጊዜ ረጅሙ ሰው ከፊት ይቆማል። አንዴ አንዱን መለሎ ወጣት ትከሻውን ነካ አድርጌ ወደ ኋላ እንዲሄድ ብነግረው፣ ቀድሞ መምጣቱን ነገረኝ። «ቀድመህ መጥተሃል፤ አልካድኩም» አልኩት። «ግን አንተ ከኋላዬ ብትቆም መድረኩን ታያለህ፤ እኔ ከኋላህ ብቆም የማየው ሸሚዝህን ነው።» ሳቀና ቦታ ተለዋወጥን። ነገር ወዳድ ነሽ ይሉኛል። አይደለሁም፤ የማይገባ ነገር ሳይ ዝም ማለት ስለማልችል ነው።

ባለፈው የጊፋታ፣ የኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ከሶዶ ወጣ ብሎ ጉኑኖ ነው። ገበሬ ነው፤ መለከትም ይነፋል። መለከቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ከቀርከሃና ከቀንድ ይሠራል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ያለው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ማውጣት አይችልም። አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ይጥላል፤ ዜማው የሚወጣው ከአምስቱ ነው። ማንም የማንንም ተራ አይነጥቅም። በዕድሜዬ ካየሁት ሥራ ሁሉ እንዲህ ፍርድ የማይጓደልበት ሥራ አላውቅም።

የወንድሜ መለከት ትንሿ ናት። አራቱ ሲመላለሱ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ዜማው ዙሩን ሊጨርስ ሲል አንዴ «ቲው» ያደርጋታል፤ ዙሩ ይዘጋል፤ እሱም እንደገና ይጠብቃል። በለቅሶም በሠርግም ሲነፉ የኖሩት እነዚሁ አምስቱ ናቸው፤ አሁን ሁሉም ሸብተዋል። ለበዓሉ ኮንሰርት ከእንግዶቹ ዘፋኞች በፊት መድረኩን እንዲከፍቱ ተጠርተው ነበር። ወንድሜ ለዚህ ሲል ዳጣ አቆመ። ዳጣ የኛ የቃሪያ ድልህ ነው፤ ከንፈር ያቃጥላል፣ ያሳብጣልም፤ መለከት ደግሞ የሚነፋው በከንፈር ነው። በጊፋታ ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ የበላ ወላይታ ከሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በስልክ ሲያወራኝ እንደ ሙሽራ ነበር የሚያፍረው።

ጠዋት በሚኒባስ መጡ፤ እኔም ሜዳው ላይ ተቀበልኳቸው። ልምምዱን ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት አዘጋጅ ቆሞ አየ። ቁርስ ሳይበላ ከንጋት ጀምሮ ሲሮጥ ያረፈደ ልጅ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ሲጨርሱ ግን ወንድሜን ወደ ጎን ወስዶ፣ አራቱ ብቻ እንዲወጡ፣ እሱ ይቅርታ እንዲያደርግለት ነገረው። ወንድሜ «እሺ ልጄ» አለ። እሱ እሺ ይበል እንጂ እኔ የት ሄጄ።

ምክንያቱን ጠየቅኩት። ልጁ በትሕትና መለሰልኝ፦ «እማማ፣ ማይኩ አራት ነው። አባባ ደግሞ ብዙም አይነፉም። አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ነው ያሉት፤ ከስንት አንዴ ነው።»

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ስችል ተውኩት። ከዚያ ትምህርት የያዝኩትን ግን በደንብ ይዣለሁ። «አራት ነጥብም ከስንት አንዴ ነው የምትመጣው» አልኩት። «እሷን ብታወጣት አንባቢው የት ይተነፍሳል?»

ሳቀ፤ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። የድምፅ ሠራተኞቹ ሁሉን ነገር ገጥመው ጨርሰዋል፣ ፕሮግራሙም ተጣቧል አለ። የቡድኑ ታላቅ፣ ረጅሙን መለከት የሚነፋው ሽማግሌ፣ ያለ አምስተኛው እንደማይወጡ ተናገረ። ነገሩን ያበላሸው ራሱ ወንድሜ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ በኔ ምክንያት ሳትነፉ አትመለሱ ብሎ ለመናቸው። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ እንዴት እንዲህ ለስላሳ ሆኖ እንደወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም። አዘጋጁ ሊክሰን ብሎ ከፊት፣ ከክብር እንግዶቹ ጋር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ሰጠን። በድምፅ ፈንታ ወንበር።

ከሜዳው ወጥተን ሥጋ ቤት ገባንና ወንድሜ ጥሬ ሥጋ አዘዘ። ዳጣውን በሳህን አስመጣ። እየጠቀሰ በላ፣ እየጠቀሰ በላ፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሲበላ ማየቱ ከለቅሶ ይብስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። ዝናቡ ዳሞታ ተራራ ላይ ቀርቶልን ፀሐይ ወጣ። አራቱ ነጭ በነጭ ለብሰው መድረክ ላይ ተደረደሩ፤ እያንዳንዱ በማይኩ ፊት ቆመና ነፉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማጉያው ድምፃቸውን የሠራዊት አደረገው። ዙሩ ሊዘጋ ሲል ግን አንድ ባዶ ቦታ መጣ። የማያውቅ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ጥርሱ የወለቀ አፍ ያየሁ መሰለኝ። ወንድሜን ዞሬ አየሁት። ባዶዋ ቦታ ስትደርስ ደረቱ ይነፋል፤ ከዚያ አየሩን ቀስ ብሎ ይለቀዋል። መለከቷ በጨርቅ እንደተጠቀለለች ጭኑ ላይ ናት።

እንዲነፋ በክርኔ ጎሰምኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሰው መረበሽ ነውር ነው አለኝ። በሚቀጥለው ዙር ባዶዋ ቦታ ስትመጣ እኔ በአፌ «ቲው» አልኩ።

የክብር እንግዶቹ ዞረው አዩኝ። ሕዝቡን ከሚከለክለው ገመድ ማዶ በስልኳ የምትቀርጽ ልጅ ሳቋ መጣ፤ በሚቀጥለው ዙር አብራኝ «ቲው» አለች። ከዚያ ጓደኞቿ ተከተሉ። ወጣት ጨዋታ ይወዳል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ የፊተኛው ሕዝብ በሙሉ ያቺን ቦታ ጠብቆ ይጮህ ጀመር። መድረክ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች መለከቱን ይዘው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ታ ሚቼ» አለኝ፤ በኛ ቋንቋ እኅቴ ማለቱ ነው። «ድምፄ እኮ እሱ አይደለም።»

«ታዲያ የትኛው ነው?»

«ቀጠን ይላል።»

በሚቀጥለው ዙር ሆን ብዬ አወፈርኩት። ሕዝቡም ተከትሎኝ አወፈረው፤ አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው እንደ በሬ ጮኸ። ይሄኔ ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ። እሱን ከመድረክ ማውረዳቸውን ችሎ ነበር፤ የድምፁን መበላሸት ግን አልቻለም። «ተይ፣ ገደልሻት» አለኝ፤ ጨርቁን ፈታና ነፋ።

ዳጣው ከንፈሩን ሲለበልበው እንባው ዱብ ዱብ አለ። ድምፁ ግን ጥርት ብላ ወጣች። ነገር ግን መድረክ ላይ ያሉት በማጉያው ጩኸት ምክንያት አልሰሙትም፤ እሱ ሳይጨርስ አዲሱን ዙር ጀመሩበት። አንዴ እንዲህ ሆነ፤ ሁለተኛም ሆነ። መለከት ነፊ የጓደኛውን ድምፅ ካልሰማ ተራውን አያውቅም። የቡድኑ ታላቅ ከመድረኩ ዝቅ ብሎ ሲያይ ወንድሜን ቆሞ አየው። መንፋቱን አቆመ። ማይኩን እዚያው ትቶ የብረቱን ደረጃ ወረደ። ሦስቱም ተከተሉት። አዘጋጁ ከመድረኩ ጥግ እጁን ያወዛውዛል፤ የሚያየው የለም።

አምስቱ ወንበሮቹ ፊት ክብ ሠሩ። ያለ ማይክ፣ እንደ ሰፈራቸው ነፉ። የወንድሜ ድምፅ በተራዋ መጣች፤ ዙሩ ተዘጋ። ከክብር እንግዶቹ አንዱ ወንበሩን ትቶ ተነሥቶ ለጭፈራ ወገቡን ሰበረ። እኔም ሰበርኩ። ልቤ ሞላ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ከሜዳው መጨረሻ፣ ከአጥሩ ጋ፣ «አልሰማንም!» የሚል ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ ያልሰማሁ ለመምሰል ሞከርኩ። ጩኸቱ ግን አላቆመም። እነዚያም የመጡት ሊሰሙ ነው። ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ ነው እንጂ እኔም ስንቴ እዚያ ቆሜ መለከት ይሁን ባጃጅ ሳልለይ ተመልሻለሁ። ወንድሜን እጁን ያዝኩት፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ለነሱም ትነፋላችሁ አልኩት።

አፉን ከፍቶ ከንፈሩን በነፋስ እያበረደ ነበር። «እነሱ በማይክ አራቱን ሰምተዋል እኮ» አለ።

«አንተን አልሰሙም።»

«ይኸው ከንፈሬን እይው እንጂ።»

«ዳጣውን እኔ አላጎረስኩህም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁና መንገድ ጀመሩ። ይሄኔ አዘጋጁ ልጅ እየሮጠ መጣ። ሊከለክለን መስሎኝ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ገመዱን ከፍ አድርጎ ያዘልንና ሕዝቡን መንገድ ያስለቅቅ ጀመር። ከእንግዶቹ ዘፋኞች አንዱ መድረኩ ጥግ መጥቶ ቆሞ ያያል፤ የሱም ተራ ይደርሳል። የሰሞኑን ዝናብ ጭቃ እየረገጥን፣ ሰው የሽማግሌዎቹን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፣ አጥሩ ድረስ ሄድን። ከሕዝቡ አጭሮቹን ከፊት፣ ረጅሞቹን ከኋላ አደረግሁ፤ ማንም አልተከራከረኝም። አምስቱ ክብ ሠርተው ነፉ። ወንድሜ ከንፈሩ አብጦ እንኳ አንዲት ተራ አልሳተም።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ከፊት፣ ከወንበሮቹ ጋ፣ «አልሰማንም» የሚል ድምፅ መጣ። አዘጋጁ ምን ልበላቸው በሚል ዓይን አየኝ።

«ተራችሁ አልፏል በላቸው» አልኩት።