ስባሪ መስታወት

ቦርሳዬ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ስባሪ አለ። ሳላውቅ ከቦርሳዬ ሳወጣው ያየ ሰው መኳኳል የምወድ ይመስለዋል። ፊት ለማየት እንኳ አይበቃም፤ ከአሮጌ ቁም ሳጥን የተረፈ፣ እጅ እንዳይቆርጥ እናቴ ዙሪያውን በፕላስተር የለበጠችው ቁራጭ ነው። ፕላስተሩ ዛሬ ጠቁሯል። በነካሁት ቁጥር ፀሐይ የመታው የስንዴ ገለባና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ሰው የልጅነቱን ነገር ሲነካ ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔ እፈራለሁ። ቢሆንም አልጥለውም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ የጭላሎ ተራራ ከጀርባው የቆመ የስንዴና የገብስ አገር ነበር። ታናሽ ወንድሜ በለጠ ገና አፉን ሳይፈታ ማጅራት ገትር ያዘው። ከሞት ተረፈ፣ ጆሮው ግን አልተረፈም። ያወቅነው ውሻችን አጠገቡ ቆሞ ሲጮህ ዞር ባለማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ቤታችን ገብቶ እንደ አንድ ዘመድ ተቀመጠ። ጋሪ ከኋላው ቢመጣስ? በሬ ቢወጋውስ? እማዬ ጠዋት ከቤት ስንወጣ የምትለኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳታነሺ።» ሱዚ ስዘል እንኳ አንድ ዓይኔ እሱ ላይ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያሸንፉኝ ነበር።

መስታወቱ የእማዬ ፈጠራ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚፈልገውን ሰው ከማሳ ማዶ በጩኸት ነው የሚጠራው። ምሳ ደረሰ፣ ከብት ጠፋ፣ እንግዳ መጣ፣ ሁሉም በጩኸት ይነገራል። እማዬ በለጠን በጩኸት መጥራት ስላልቻለች ደጃፍ ላይ ቆማ ስባሪዋን ወደ ፀሐይ ትይዛለች። ብርሃኑ በማሳው ላይ እየዘለለ ሄዶ ፊቱ ላይ ወይም ፊት ለፊቱ ያለው ድንጋይ ላይ ያርፋል። እሱም እየሳቀ፣ ብርሃኑን ሊይዝ እየሞከረ ወደ ቤት ይሮጣል። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ፣ «አንቺ ደግሞ ፀሐይን ተላላኪ አደረግሻት!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

በለጠ ራሱ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የሚንቀጠቀጥ ነገር ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም ነበር። ወፍጮ ቤት ይዘነው ስንሄድ ደረቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ወፍጮው የቆመ እንደሆነ ደግሞ ብንን ብሎ ይነቃል፣ ተቆጥቶም ወደ ባለወፍጮው ይጠቁማል። ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ወደ ማሳችን ሲመጣም በሆዱ ተኝቶ እጆቹን መሬት ላይ ይዘረጋል። እኛ በጆሯችን የምንሰማውን እሱ በሆዱ ይሰማው ነበር።

አሰላ የምትኖረው አክስታችን አንድ ቀን መጥታ፣ መስማት ለማይችሉ ልጆች በእጅ የሚያስተምሩ መምህራን ያሉበት ክፍል ተከፍቷል አለች። ገና ተናግራ ሳትጨርስ እማዬ አለቀሰች። አባዬ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «ከተማ ልስደደው? ጥሩምባ የማይሰማ ልጅ? መኪና ይበላዋል። እዚሁ ዓይናችን ሥር ይሁን።» እኔም በልጅ ልቤ ልክ ነው ብዬ ነበር፤ አሰላን የማውቃት በአይሱዙዎቿና መንገዱን ሞልተው በሚጋልቡት የጋሪ ፈረሶች ነው። ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

በዚያው ዓመት መኸር ሲደርስ ኮምባይነር ተራ ጠብቀን አገኘን። ተራችን የደረሰ ዕለት ግን ያለ ወቅቱ ጭላሎ ላይ ደመና ከበደ። የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ከጣለ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። አባዬ ጆንያ ተሸክሞ ይሮጣል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያግዝ ወጥቷል፣ ሹፌሩም ለአቧራው ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነዳል። ኮምባይነሩ ማሳውን ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ይበላል። የቆመው ስንዴ እያነሰ ሲሄድ ውስጡ የተደበቁት ጥንቸሎች ይፈተለካሉ፤ እኛም ልጆቹ ዳር ቆመን ጥንቸሎቹን ነበር የምንጠብቀው።

እማዬ ለሠራተኞቹ ምሳ እንዳመጣ ላከችኝ። ስመለስ፣ «በለጠስ?» አለችኝ። «አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?» አልኳት። እሷ እኔን የተከተለኝ መስሏታል። ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ ዛሬም አይረሳኝም። ሁለታችንም አንድ ላይ ዞረን ያየነው ያልታጨደውን ስንዴ ነበር።

እማዬ መስታወቷን ከጉያዋ አወጣች። ወደ ላይ ያዘችው፣ አዞረችው፣ ደግሞ አዞረችው። ፀሐይ የለችም። ከመስታወቱ ውስጥ ደመናው ብቻ ነው የሚታየው። ሰማዩን ስትለምን አየኋት፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ የሁሉም ሰው ጩኸት ሆነ። «በለጠ! በለጠዬ!» ኮምባይነሩ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ወደ መሐሉ ዞረ። ሹፌሩ ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማው የለም። አዴ ፋጡማ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ገፈው፣ «ዳቢ! ዳቢ! አቁም! ያ ረቢ፣ ልጁን!» እያሉ ወደ ኮምባይነሩ ሮጡ። አባዬ ግን ቀድሟቸው ስንዴው ውስጥ ገባና ከመቁረጫው ፊት እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። አሁን አባቴንም አጣሁ አልኩ። ሹፌሩ አየውና ፍሬኑን ረገጠ፤ ሞተሩንም አጠፋው።

ማሳው ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንደገና ስሙን መጣራት ጀመርን። አባዬ ይጠራል፣ እማዬ ትጠራለች፣ ልጁን አይቶት የማያውቀው ሹፌር ሳይቀር ከላይ ሆኖ «በለጠ!» ይላል። አቤት የሚል የለም። ያ ሁሉ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ልጁ እንደማይሰማ ያስታወሰ አንድም አልነበረም።

ያኔ ከመቁረጫው ትንሽ ራቅ ብሎ ስንዴው ተነቃነቀ። በለጠ ብድግ አለ። ፀጉሩ ላይ ገለባ ተሰግስጎ፣ ዓይኑን እያሸ፣ በጣም ተቆጥቶ። መሬቱን በእግሩ መታ አደረገና ወደ ኮምባይነሩ እየጠቆመ ለምን ቆመ ብሎ በእጁ ጠየቀን። ሞተሩ ሲቆም ነው የነቃው። እማዬ መጀመሪያ በጥፊ መታችው፣ ከዚያ አቅፋው አልለቅም አለች። አባዬ ሰዎች ደግፈው እስኪያነሱት ድረስ እዚያው ስንዴው ውስጥ ቁጭ አለ።

ዝናቡ የቀረውን ስንዴ ሲመታው አባዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያል። «ያን ያህል ሰው ስሙን ስንጠራ ቆየን» አለ ለእማዬ። «እዚህ እሱን መጥራት የሚችል ሰው የለም። አሰላ ይሂድ።»

«መኪናውስ?»

«መኪናውማ አለ። እኔም እፈራለሁ። ግን ይሂድ።»

እኔም መንገድ እንዳሻግረው አብሬው ተላክሁ። አክስታችን ቤት ሆነን ጠዋትና ማታ እጁን ጨምቄ ስለምይዘው ጣቶቹ ይነጩ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ለሁሉም ሰው በእጅ የሚጠራ ስም ያወጣሉ። በለጠ ለበዓል ወደ ቤት ስንመለስ የእኛንም ይዞ መጣ። የእማዬ ስም ከመዳፍ ላይ ፈንጠቅ የሚል ብርሃን ነው። የእኔን ሲያሳየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንቀጠቀጠ፤ ልቧ የሚመታ፣ ፈሪዋ። ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አኮረፍኩ፣ ግን ስሙ ቀረ።

ዛሬ እኔ አቦምሳ ትዳር ይዤ እኖራለሁ። በለጠ አሰላ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ሚስቱም እንደ እሱ በእጇ የምታወራ ናት። ድሮ ከማሳ ማዶ ልንጠራው ያቃተንን ልጅ አሁን በስልክ ቪዲዮ ከከተማ ከተማ እናወራዋለን፤ እንዲያውም እጁ ስለሚፈጥንብኝ ቀስ በል እለዋለሁ። ሁሉም ነገር ግን አልቀለለም። ሐኪም ቤት የሚሄድ ጊዜ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ስለማይገኝ፣ ሕመሙን ለሐኪሙ የምነግርለት ዛሬም እኔ ነኝ። እማዬ ከማረፏ በፊት ስባሪዋን እጄ ላይ አድርጋ ያለችኝ ያንኑ የድሮውን ነው፤ «ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳታነሺ።»

በቅርቡ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰነበተ። እንቅልፍ አጣሁ። ባሌ «ትልቅ ሰው እኮ ነው» ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ አሰላ ገባሁ። ሥራ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጋዙ ላይ ጎንበስ ብሏል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬም። ሄጄ ትከሻውን እንዳልነካው፣ ደንግጦ እጁን መጋዙ ላይ እንዳይጥል ፈራሁ። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ፀሐይ ነበረች። ብርሃኑን ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ጣልኩት። በለጠ አየው። መጋዙን አጠፋ፣ ቀስ ብሎም ዞረ። አቧራ የለበሰ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አንቀጠቀጠ። እኔም ገና እየተንቀጠቀጥኩ፣ በእጄ፣ አቤት አልኩት።