ከእትዬ ዘሀራ ጋር እስከ አዳማ

ከሚሴ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ሱብሒ ተሰግዶ ብዙ ሳይቆይ መናኸሪያው ሞልቷል። ባጃጆች መብራታቸውን ሳያጠፉ ተደርድረዋል። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን እያጋጨች ታጥባለች። “ደብረ ብርሃን! አዲሳባ!” የሚለው ጥሪ ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣል። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ደርሻለሁ። ለጉዞ ዘግይቼ አላውቅም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ኸዲጃ እባላለሁ። ከሚሴ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ከተማ እጎበኛለሁ። ድሬዳዋን የወደድኳት ሰዉ ከማያውቀው ሰው ጋር በር ላይ ተቀምጦ ስለሚያወራ ነው። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አንድ ሙሉ አሳ ለብቻዬ በልቻለሁ። ጎረቤቶቼ “ይቺ ሴት ምን ጎድሏት ነው የምትዞረው?” ይላሉ። በሥራ ላይ ሳለሁ ደሴን ለሁለት ቀን አይቼ ልምጣ ብዬ ብጠይቅ ፈቃድ የከለከለኝ ርዕሰ መምህርም ይህን ጋዜጣ እንደሚያነብ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከሚሴ ትንሽ ናት።

ዘንድሮ ተራው የአዳማ ነው፤ ግን ብቻዬን አይደለሁም። የባሌ ታላቅ እህት ዘሀራ ከአዲስ አበባ ለዘመድ ለቅሶ መጥታ ሁለት ሳምንት ከረመች። አሁን ደግሞ አዳማ የምትኖረው ልጇ ሴት ልጇን ትድራለች። የዘሀራ ጉልበት ስለማይታዘዝ አብሯት የሚሄድ ሰው ተፈለገ። “ኸዲጃ ትሂድ፤ እሷ መዞር ትወዳለች” ተባለ።

ፊት ለፊት “እትዬ፣ አንቱ” እላታለሁ። እዚህ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ “እሷ” ብያታለሁ።

እሺ ያልኩት ለአዳማ ብቻ ብዬ አይደለም። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ በተዳርኩ በሁለተኛው ወር፣ ባሌ አዲስ አበባ ዘሀራ ቤት ወሰደኝ። ሳሎኑ ውስጥ ጎረቤቶቿ ተቀምጠዋል። እኔ ከሚሴ እንደለመድኩት “አከም ኦልተን!” ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። አንዷ “ማናት?” ስትል ዘሀራ ወደ እኔ ሳታይ “ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ ቤት ታግዘኛለች” አለች። ታግዘኛለች! የወንድሟን ሚስት! ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ የተጠጣበትን ብርጭቆ ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ብርጭቆውን መሰብሰቤ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ ያቺን ቃል ሳታነሳልኝ አልመለስም። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ትተው የሚገቡበት ጓዳ የለም።

ሰንበቴ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ

የጨፋን ሜዳ ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፣ ከብቶቹ ጤዛ ላይ ተኝተው ያመነዥካሉ። ዘሀራ መስኮቱን ዘጋችው። ከፈትኩት። ዘጋችው።

ሰንበቴ የገበያ ቀኗ ነበር። ከቆላ የመጡ አፋሮች ግመልና ፍየል ይዘው፣ ከደጋ የወረዱት በግ እየነዱ፣ መንገዱ ላይ ተገናኝተው መኪናችንን አስቆሙት። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢያንባርቅ ግመሉ ዞር ብሎ አየውና ቆመ። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ለዘሀራ ፍየል አሳዩዋት፤ በኦሮምኛ ስለ ፍየሏ ጥርስና ጡት አስረዷት። ዘሀራ የከተማ ፊቷን አድርጋ “አባባ፣ ኦሮምኛ አልሰማም” አለች።

ከሚሴ ተወልዳ፣ ጨፋ ከብት ጠብቃ ያደገች ሴት! አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ አልሰማም እንዳለች ነው። ሽማግሌው በአማርኛ “እንዲያማ ከሆነ ፍየሊቱም አትሰማሽም” ብለው ሄዱ። መኪናው በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም፤ የመንገዱ ዳር የሽንኩርት ክምር ላይ ዓይኔን ጥያለሁ።

ደብረ ብርሃን፣ 7 ሰዓት

ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ፣ ጣርማበር ላይ ጉም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዘሀራ ቢስሚላህ ብላ ክንዴን ያዘች፤ ስንወጣ ለቀቀችው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ነፋሱ ሻሽ ይነጥቃል። ሙስሊም ምግብ ቤት አፈላልጌ ጥብስ አዘዝን፤ ትኩስ፣ ቃሪያው የበዛ። አንድ ጠረጴዛ የተጋራችን ነርስ ነኝ ያለች ሴት ሁለታችንን አየችና ዘሀራን “እህትዎ ናቸው?” አለቻት።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ዘሀራ ውሃ ጠጣች፤ አፏን ጠረገች።

“ከከሚሴ አብረን ነው የመጣነው” አለች።

ጥብሱን ጨረስኩት፤ የእሷንም ድርሻ ጭምር።

አዲስ አበባ፣ በማግስቱ 3 ሰዓት

የአዲስ አበባን ሰው እንጃ፤ ከተማዋ ግን ምንም አላደረገችኝም። እወዳታለሁ። ማደሪያችን የዘሀራ ኮንዶሚኒየም ነበር። ጠዋት ብቻዬን ወጥቼ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ተራመድኩ። አበባ ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ማንም ወዴት ነሽ አይለኝም። የትልቅ ከተማ ደስታ ለእኔ ይሄ ነው፤ ከሚሴ ውስጥ መቶ ሜትር ስሄድ ስድስት ሰው ወዴት እንደምሄድ ይጠይቀኛል፣ ሰባተኛው ራሱ ይነግረኛል።

ስመለስ ዘሀራ ሻንጣዋን ዘግታ ተቀምጣለች። “የት ጠፋሽ አንቺ?” አለች።

“ከተማ እያየሁ ነበር፣ እትዬ።”

“ምን የሚታይ አለው?”

“እርስዎ እዚህ ስለሚኖሩ አያዩትም።”

አዳማ፣ 6 ሰዓት ተኩል

በፍጥነት መንገዱ እንቅልፍ ሳይወስደን ደረስን። አዳማ ሙቅ ናት፤ ሜዳ ናት፤ ባጃጇ፣ ጭማቂ ቤቷ፣ ጥላ ስር የቆመው ሕዝቧ። ወደ ሠርጉ ቤት የምትሄድ ታክሲ ውስጥ ገባን። አብራን ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ደህና ሰውነት ያላት ሴት በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተደላድላለች። ጢማሙ ሾፌር ዞር ብሎ በእጁ እያመለከተ “ዱባ! ዱባ!” አላት።

ሴትዮዋ ተነሳች። “ማንን ነው ዱባ የምትለው? ወፈርኩብህ? ካንተ ቤት በልቼ ነው?”

ሾፌሩ ግራ ገባው። “ዱባ፣ እናቴ፣ ዱባ” አለ ጭራሽ በትህትና። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አነሳች፤ ልትመታው ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ዘሀራ ቀደመችኝ።

“ኧረ የኔ እናት፣ አልሰደበሽም! ዱባ ማለት በኦሮምኛ ወደ ኋላ ማለት ነው። ወደ ኋላ እለፊ፣ ሰው ይግባ ነው የሚልሽ።”

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አወረደች። ሾፌሩ “ገለቶሚ” ብሎ ዘሀራን አመሰገነ። እሷም፣ ምላሷ ሳያማክራት፣ በኦሮምኛ መለሰችለት።

ዞሬ አየኋት። አየችኝ።

“ኦሮምኛ አይሰሙም ነበር” አልኳት።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቀች፣ ጥርሷን ሳትሸፍን። “ሰው ሊፈነከት ነው እኮ፣ ኸዲጃ! ምን ላድርግ?” ዱባ የተባለችውም ከኋላ ሆና ሳቀች። እኔም፣ ልደብቅ አልችልም፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

የሳቅሁ ለታ ነው የሚቀናኝ። “እትዬ፣ ያኔ ለምን ታግዘኛለች አሉኝ?” አልኳት።

አልረሳችውም። ፊቷ ላይ አየሁት። መንገዱን እያየች “እነዚያ ጎረቤቶች ከአንቺ በፊት የሳቁት በእኔ ነው” አለች። “ገና እንደገባሁ፣ በአነጋገሬ። ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ ቃል መርጬ ነው ሰው ያሉኝ። አንቺ ገብተሽ ባንድ ሰላምታ ልታፈርሺው ሆነ።”

“እና እኔን አፈረሱኝ።”

“አዎ” አለች።

ይህን ‘አዎ’ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ጥሩ ነበር። ግን ቃሉ የተነገረው በሰው ፊት ነው፤ ታክሲ ውስጥ በጆሮዬ የሚመለስ አይደለም።

ሠርጉ ቤት፣ 7 ሰዓት

ድንኳኑ ጎዳናውን ግማሽ ዘግቷል። የሙሽራው አያት፣ እጃቸው በሂና የቀላ፣ እቅፍ አድርገው ሳሙን። ከዚያ ዘሀራን ስለ እኔ ጠየቋት፦ “ቱን ኤኙ?” ይቺስ ማናት?

ዘሀራ ክንዴን ያዘች። “ኦቦሌቲ ኮቲ” አለች። እህቴ ናት።

እህቷ አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩ ሴት፣ ይህን ዝም ብዬ አለፍኩት። ነገር ግን ከድንኳኑ ጥግ የአዲስ አበባ ጎረቤቶቿ፣ ሁለት አሮጊቶች፣ ቢሪያኒ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ያኔ “ማናት?” ያለችው ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ሁላችንም አርጅተናል። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ “እትዬ፣ በአማርኛም ይበሉት” አልኳት።

“ምኑን?”

“እነዚያ ሁለቱ ኦሮምኛ አይሰሙም።”

“አንቺ ሴት፣ ልብሽ ድንጋይ ነው።”

“አስተማሪ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ ካልገባው ወደ ሌላ ትምህርት አላልፍም።”

ወደ ጥጉ ዞረች፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “እህቴ ናት! ኸዲጃ ትባላለች፤ የወንድሜ ሚስት፣ የኔ እህት! ድሮ ሌላ ነገር ብያችሁ ከሆነ ዋሽቼ ነው!”

አንደኛዋ አሮጊት ማንኪያዋን አየር ላይ አቁማ “መቼ? ምን ብለሽን ነበር?” አለች።

“ብዪ በቃ፣ ብዪ!” አለቻት ዘሀራ። ለእኔ ከጎኗ ወንበር ጎተተች፤ ሳህን የምታዞረውን የልጅ ልጇን ጠርታ “መጀመሪያ ለእሷ” አለች።

ተቀመጥኩ። ሲቀርብልኝ በላሁ፤ ሳህንና ብርጭቆው ሲነሳ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁ። አዳማ ለሁለት ቀን ብዬ ስድስት ቀን ቆየሁ። ከትልልቅ ከተሞች ሁሉ አንደኛ አድርጌያታለሁ፤ ስለ ሙቀቷ ማንም እንዳያወራኝ።