ባዶውን የሚመለሰው ዘንቢል

እኅቴ ፓፓያ በዘንቢል ሞልታ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ትልክልኝ ነበር፤ እኔም ዘንቢሉን አጥቤ፣ በፀሐይ አድርቄ ባዶውን እመልስላት ነበር። በአገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ቁራሽ ዳቦ ከሥሩ ጣል ይደረጋል። እኔ ምንም አልጥልበትም። ማጠቤ ደግሞ ከባዶነቱ ይብስ ነበር። ሳይታጠብ ባዶውን የተመለሰ ዕቃ ተረስቶ ይሆናል፤ ታጥቦ ባዶውን የተመለሰ ግን ታስቦበታል። እኅቴ ይህን እንደምትረዳ አውቅ ነበር። እንድትረዳውም ነበር የማጥበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ያረፈች ጊዜ ሰደቃውን ያዘጋጀችው ታላቅ እኅቴ ናት፤ ኮምቦልቻ፣ ከገዛ ቤቷ። ሰው ተሰበሰበ፤ ምግቡ ቀረበ፤ ዱዓው የሚደረግበት ሰዓት ደረሰ። እኔ ዕድሜዬን ኪታብ ስቀራና ሳስቀራ፣ ስማርና ሳስተምር የኖርሁ የሟቿ ልጅ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። እኅቴ በፊቴ አልፋ ሄደችና ጎረቤቷ የሆኑትን አዛውንት፣ «አባባ፣ ዱዓውን እርስዎ ያድርጉልን» አለቻቸው። አዛውንቱ ደግ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ቅሬታ የለኝም ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ይህም እውነት አልነበረም።

ሰው ሲበተን እኅቴ መጥታ፣ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ምንም አይደለም» አልኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቷ ድግስ ሲኖር ዘግይቼ እደርሳለሁ፤ እንደ እንግዳ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አሚን ስል ድምፄን ቆጥቤ ነው። አንቺ ስላት የኖርኋትን እኅቴንም እርስዎ ማለት ጀመርሁ። ሰው አክባሪነቴን አደነቀ። እርሷ ግን እያንዳንዷ እርስዎ ወዴት እንደተወረወረች አላጣችውም።

ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። ሲከፋኝ መነጽሬን አውልቄ እወለውላለሁ። እርሷም ይህን ስታይ ወደ ጓዳ እየገባች፣ «መነጽሩ ተወለወለ፤ እንግዲህ የዛሬው እራት በዝምታ ነው» ትላለች። እኔ ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ለሐጅ ተነሣች። በእኛ በወሎ ለሐጅ የተነሣ ሰው ከጓዙ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ከሰው ጋር ያለውን ነው። ቤት ለቤት እየዞረ፣ «በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምሁዎት ካለ አፉ ይበሉኝ» ይላል፤ ይቅር ይበሉኝ ማለቱ ነው። የተጠየቀውም «አፉ ብያለሁ፣ አላህ ይቀበልዎ» ብሎ ይመርቀዋል። የተወደደ ልማድ ነው። አንድ ምቾት ግን አለው፤ በዳይም ተበዳይም በደሉን በስሙ ሳይጠሩት ተቃቅፈው ሊለያዩ ይችላሉ። እኔ በዚህ ምቾት ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

እኅቴ እኛ ወደምንኖርበት ወደ ደሴ የወጣችው በብርድ ቀን ነው። ሁለት ሻርፕ ደራርባ ከበሩ ስትገባ፣ «ያረቢ! እናንተ እዚህ የምትኖሩት በምን ጥፋታችሁ ነው?» አለች። ባለቤቴ ሣቀችና ጋቢ አለበሰቻት። እኅቴ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምሁህ ካለ አፉ በለኝ፣ ወንድምዓለም።»

«አፉ ብያለሁ። አላህ ሐጅዎን ይቀበልዎ።»

«ለምኑ?»

«ምን ለምኑ?»

«አፉ ያልኸኝ ለምኑ ነው?»

«ለሁሉም» አልሁ።

«ሁሉም የሚባል ጥፋት አላጠፋሁም። ያጠፋሁትን ንገረኝ።»

«ምንም አይደለም። እርስዎ ብቻ በሰላም ይሂዱ።»

እጄ መነጽሬ ላይ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳው በር፣ «ወለቀ! መነጽሩ ወለቀ!» አለችና ሁለቱ ሴቶች እየተያዩ ሣቁ። እኅቴ ግን ሣቋን ቶሎ ሰበሰበች።

«ስማኝ። እኔ ውስጡን ያላየሁትን ጥቅል ተሸክሜ መካ አልገባም። ዕድሜዬን ታየዋለህ፤ ሄጄ ብቀርስ? ያን ጊዜ ይህችን ምንም አይደለምህን ለማን ትላታለህ? ሐሙስ በቤቴ የመሸኛ ዱዓ አለ። እስከዚያ አስብና ንገረኝ። እስክትነግረኝ ድረስ አፉህን አልተቀበልሁም።»

ልትሄድ ስትነሣ ከግድግዳው ምስማር ላይ ዘንቢሏን አወረደች፤ ውስጡን አየች፤ አሸተተችውም። «ማሻአላህ፣ እንዲህ የሚታጠብ ዘንቢል ከመካ መዲናም አይገኝ» አለች። «ይህንንም ግን እንዲሁ አልወስደውም።» መልሳ ሰቀለችውና ወጣች።

በኪታቦቻችን ሙራቀባ የሚባል ትምህርት አለ። ሰው በገዛ ልቡ ደጃፍ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን እንደ ዘበኛ መጠበቁ ነው። ለደረሶቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ አተረጓጎሙን፣ ሊቃውንቱ የተለያዩበትን ነጥብ ሳይቀር። በማግስቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከመስገጃዬ ሳልነሣ፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከመስኮቱ ውጭ ተቀምጦ ሳለ፣ ትምህርቱን በራሴ ላይ ልሞክር አሰብሁ። ትንፋሼን እየተከተልሁ ልቤን መጠበቅ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ያገኘሁት ለእኅቴ የሚሰጡ መልሶችን ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ያማሩ፣ ማስረጃቸው የተሟላ። እርሷን ረትቼ፣ በሐሳቤ አስለቅሼ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ቁርስ በላሁ።

በቀጣዩም ጧት እንዲሁ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ መልሶቹ አለቁብኝና ሌላው ነገር መታየት ጀመረ። ቅያሜው ቃል ከመሆኑ በፊት መንጋጋዬን እንደሚያጠብቀው አየሁ። ከመንጋጋዬ በኋላ እጄ ወደ መነጽሬ ይሄዳል፤ ከእጄ በኋላ ምንም አይደለም ትወጣለች። በዚያ መንገድ እየተመላለስሁ ዘመኔን መጨረሴ አስገረመኝ። መንጋጋዬን አላልቼ ጥቂት ብታገሥ ከሥሩ የተቀመጠው ቁጣ አልነበረም። እናቴን በገዛ ድምፄ መሸኘት ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው። ይህን አጭር ነገር ስንት የታጠበ ዘንቢል አሸክሜው ኖርሁ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ያቀረበችው ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር። የእርሷ ሽሮ ከጥንትም ጨው ይበዛዋል፤ እኔም ከጥንት ሰሐኑን በጣቴ ትንሽ ገፋ አድርጌ በዝምታ እበላለሁ። ያን ቀን መንጋጋዬ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ተነፈስሁና፣ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አልሁ።

ባለቤቴ እንጀራዋን እንደያዘች ቀረች። «ምን አሉ?»

«ጨው በዝቶበታል። በፊትም ይበዛ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወደ ላይ አየች። «አንቱ ሰው፣ እስኪናገሩ እኮ ነው ስጨምር የኖርሁት!»

ይህ ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ያን ያህል ሥቀን ምሳ የበላንበትን ቀን ግን አላስታውስም። እስኪያንቀኝ ሣቅሁ፤ ውኃ አቀበለችኝ።

ሐሙስ ጧት ዘንቢሉን ከምስማሩ አወረድሁ። ባለቤቴ የቆላችውንና ያስፈጨችውን የደሴ ገብስ በሶ በከረጢት አድርገን ሞላንበት፤ በሶ ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ ነው። ብርዱ ኩላሊቴን እንዳይመታኝ ካፖርቴን ለብሼ፣ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ከባለቤቴ ጋር በሚኒባስ ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ አየሩ ሞቀ፤ ካፖርቱን አወለቅሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። መቅድም ነበረው።

እኅቴ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ከጓሮ ከፓፓያው ዛፍ ሥር አገኘኋት። ዘንቢሉን ስሰጣት ክብደቱን በእጇ መዘነችና ጠበቀችኝ።

«የቤተ ዘመድ ፍቅር» ብዬ ጀመርሁ፣ «በሊቃውንቱ ዘንድ ከታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ሆኖ የሚቆጠር ሲሆን...»

«ወንድሜ፣ ኪታብ አታንብብልኝ። እንግዳ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

መንጋጋዬ ጠበቀ። ተነፈስሁ።

«በእማ ሰደቃ ጊዜ አልፈሽኝ ዱዓውን ለጎረቤት ሰጠሽ። እኔ ላደርግላት ፈልጌ ነበር። ከፋኝ፣ እትዬ። እስከ ዛሬ ድረስ ከፍቶኛል።»

ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነብኝ። እኅቴ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እየሣቀች ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ዱዓህ ይረዝማል!»

«ምን?»

«ወላሂ ይረዝማል! በአጎታችን ሰደቃ ስታደርግ ረሳኸው? ወጡ ረግቶ ቅቤው እንደ ሻማ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አሚን እያሉ አንቀላፉ። በእማ ሰደቃ ደግሞ ከቢስቲማ በእግሩ የመጣ ዘመድ ሳይቀር ነበር፤ ሆዱ እየጮኸ። ‹አሳጥርልኝ› እንዳልልህ ፈራሁህ። አንተ የተማርህ ሰው፤ እንዴት ብዬ? ስለዚህ እንዳላየሁህ ሆኜ አለፍሁ።» እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። «ያን ማድረግ አልነበረብኝም። እናትህ ነበረች። ማታውኑ ጸጸተኝ፤ እርሱንም መናገር ፈራሁና ፓፓያ ላክሁ። ዝም ስትለኝ እየጨመርሁ ላክሁ።»

እንግዲህ እርሷ በፓፓያ፣ እኔ በባዶ ዘንቢል፣ ይህን ያህል ዘመን በሐረጎ መንገድ ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ የሚኒባሱ ሾፌር ብቻ ሒሳቡን ተቀብሎበታል።

ዱዓው ይረዝማል መባሉ ግን ገባኝ፤ ወጋኝም። እጄ ወደ መነጽሬ ተነሣች። መንገድ ላይ ያዝኋት።

«ይህም ከፋኝ» አልሁ።

«ይከፋል» አለች እኅቴ።

«ይረዝማል እንዴ፣ በእውነት?»

«በጣም እንጂ!» አለች ባለቤቴ፤ ከጓሮው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ያን ጊዜ ሦስታችንም ፈነዳን፤ እንግዶቹ ምን መጣ ብለው በአጥሩ ጥግ አንገታቸውን አሰገጉ።

ሣቁ ሲበርድ እኅቴ እጄን ያዘች። «ለሰደቃው። አልፌህ ስለ መሄዴ፣ ፈርቼ ዝም ስለ ማለቴ። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ። አንቺም ስለ ዘንቢሉ አፉ በይኝ። ስለ ዝምታዬም። ስለዚያች ‹እርስዎ›ም።»

«አፉ፣ አፉ፣ አፉ» አለች በየተራው። «እርስዎዋ ግን ከሁሉም ይልቅ አንጀቴን አቁስላው ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ልቀመጥ ስል እኅቴ በእጅጌዬ ጎትታ ከመሐል አስገባችኝ። ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ እንፋሎቱ ይታያል። በሰው ሁሉ ፊት፣ «ዱዓውን ወንድሜ ያደርግልኛል» አለች። አዛውንቱ ጎረቤት በረጅሙ ተነፈሱና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ በደንብ አመቻቹ። ሌሎችም ለረጅም መንገድ እንደተሳፈረ ሰው ተደላደሉ። ይህን ሁሉ ቀድሞ አላየውም ነበር።

እጄን ዘረጋሁ። ለእናቴ እዝነትን ለመንሁላት፤ በስሟ ጠርቼ፣ በገዛ ድምፄ። ለእኅቴ መንገዷን፣ ጤናዋን፣ መመለሷን ለመንሁላት። የቀረውንም አላህ እንደሚያውቀው ተናግሬ እጄን ፊቴ ላይ አሳለፍሁ። አሚኑ ገና እየተንከባለለ ነበር።

አዛውንቱ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «አለቀ?»

«አለቀ፣ አባባ።»

«አሟቸው ይሆን?» አሉ ወደ እኅቴ ዘንበል ብለው።

«ኧረ ዳኑ!» አለች እኅቴ። ወጡ ትኩስ ነበር፤ ጣቴን አቃጠለኝ።

ከመካ የደወለች ዕለት ስልኩን ባለቤቴ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰዉ ብዛት፣ ከዕባን ስላየችበት ጊዜ ነገረችን። ከዚያም፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳይከፋህ» አለች።

«ይከፋኝ ይሆናል። ንገሪኝ።»

«በሶው ጨው በዝቶበታል።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሣች። «ጨው በዝቶበታል አለች?»

«አፉ በይኝ» አልሁ እኅቴን።

«ለምኑ?»

«ለበሶው። በዘንቢሉ ይዤው የወረድሁት እኔ ነኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለች ከዚያ ማዶ፤ የብዙ ሰው ድምፅ ከኋላዋ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና የራሷን ጉዳይ በግልጽ መናገር ጀመረች።