«ማን ነው ለማን የሚለው?»

በወጣትነታቸው ጀርመን የተማሩትን አጎቴን ሳስብ ትዝ የሚለኝ አንድ ጥያቄያቸው ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ጎረቤታችንን ሕይወትን ለጀርመን ትምህርቷ ሲያዘጋጁ፣ አንዱንም የእንግሊዝኛ ቃል «ማን ነው ለማን የሚለው?» ሳይሏት ወደ ጀርመንኛ አይተረጉሙላትም ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩ እኔ ነኝ፤ ቅዳሜያቸው ግን የእሷ ነበር። ቅናት ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ለ«ሶሪ» ሁለት የጀርመንኛ ቃል ሲያስጽፏት ጣልቃ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ያው ሶሪ ሶሪ ነው እኮ!»

«አንተ ችኩል መምህር! እግሩን የረገጥከውን ሰው ‹እግዚአብሔር ያጽናህ› ትለዋለህ?»

ሕይወት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርባት ጀመር፤ ጀርመን ስትሄድም አልሸኘኋትም።

በጋሼ ቀብር ማግስት ሕይወት ከጀርመን ደወለች። እያለቀሰች «ማይን ባይላይድ» አለችኝ፤ ለሐዘንተኛ የሚባለውን፣ እሳቸው ያስጻፏትን። አሁንም ቀናሁባት። ለእሳቸው የሚሆነው ቃል እሷ ጋ ነበር።

ስልኩን እንደያዝኩ ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ቆምኩ። የሚጠይቀኝ ስለሌለ ራሴን ጠየቅሁ፦ ማን ነው ለማን የሚለው? ከዚያም እግር የረገጠ ሰው የሚለውን፣ ሁለተኛውን መለስኩላት።

«ኤንትሹልዲጉንግ፣ ሕይወት።»