በጆንያ ላይ የተሣሉ ፊቶች

ከካርቱም የተነሣሁት በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ግንቦት ሲጋመስ ነው። ያስነሣኝ ጽጌ የላከችብኝ ቃል ነበር። ጽጌ የጎንደር አብሮ አደጌ ናት፤ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች መጠለያ በነርስነት ትሠራለች። «አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ አሉ። ሥዕሎቻቸው በጎጇቸው ጣራ ሥር ተሸጉጠው ምስጥ ጀምሯቸዋል። ዝናቡ ሳይገባ ድረሽልን» ብላ በአንድ ሾፌር ላከችብኝ። አገር ቤት ሳለሁ ያረጁ ብራናዎች በሚጠገኑበት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ካርቱም ደግሞ መጽሐፍ እጠርዝ ነበር። አሠሪዬን ፈቃድ ለምኜ፣ ልጄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ መርፌና ክር፣ ለስላሳ ብሩሽና እርሳስ በዘንቢል ይዤ ወጣሁ።

ፋው

አውቶቡሱ መዳኒን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ንፋሱ እንደ ምድጃ እሳት ፊት ይለበልባል። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈንድቶብን ፋው የደረስነው ለምሳ ነው። እዚያ ውኃው በቦይ ስለሚመጣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለምለም ነው፤ ከቦዩ ባሻገር ግን መሬቱ ተሰነጣጥቆ የከብት አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል አዝዤ ስቀመጥ፣ የእርሻ ሥራ ፍለጋ የመጣ አንድ የደምቢያ ሰው አማርኛዬን ሰምቶ ተጠጋኝ።

«ወዴት ነሽ እታለም?»

«ገዳሪፍ፣ መጠለያው ጋ።»

«እህል ልታድይ ነው?»

«አይ፤ የአንድ ሠዓሊ ሥዕሎች ሊበላሹ ነው። እነሱን ልሰበስብ ነው።»

እጁን ከዳቦው ላይ አነሣ። «ሰው እያለቀ፣ ሥዕል?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የገረመው ይመስል ነበር። ምግቡን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ገዳሪፍ

ገዳሪፍ የደረስኩት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። እህል የጫኑ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው መንገዱን ዘግተውት ነበር። ያደርኩት ጽጌ እንደነገረችኝ ሐጂ እንድሪስ ቤት ነው። ሐጂ የወሎ ተወላጅ ናቸው፤ ገበያው መሐል የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ዘሃራ ዐሲዳ የሚሉትን የማሽላ ገንፎ በወጥ አቀረበችልኝ፤ አሸዋማውን ግቢም ውኃ ረጭታ አልጋ ዘረጋችልኝ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ሐጂ ብዙ አልጠየቁኝም። በነጋታው ከሱቃቸው ጓዳ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን አስወጡ፤ ውስጡም ነጭ የጥጥ ጨርቅ አስቀመጡበት።

«ሐጂ፣ ይሄን እንዴት አድርጌ እመልስልዎታለሁ?»

«ሥዕል ቤቴ አልሰቅልም፤ እምነቴ ነው» አሉ። «የሰው አደራ ግን አስቀምጣለሁ። ስትጨርሺ ወደዚህ አምጪው። ጓዳዬ አያፈስም።»

መጠለያው

አለቃ ውብነህን ያገኘኋቸው ከጎጇቸው ደጅ፣ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተቀምጠው ነው። ቀጭን ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ ኖረው ከመንደራቸው ሰዎች ጋር በእግር የወጡ ሰው ናቸው። መጠለያው ሲደርሱ ሰው በየቀኑ ይቀበር ነበር። ፎቶግራፍ ያለው አንድም ሰው የለም። አንዲት እናት «የልጄ መልክ እንዳይጠፋኝ» ብላ ስታለቅስባቸው የእህል ጆንያ ቀደው ሣሉላት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይመጣባቸው ጀመር፤ ብዙዎቹም ጎጇቸው ስለሚያፈስ ሥዕሉን እሳቸው ጋ አደራ ይተዉ ነበር። ሞራው ዓይናቸውን እስኪጋርደው ድረስ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት፣ ቀዩን ከአፈር፣ ሰማያዊውን ደግሞ ነጭ ልብስ ከሚያነጡበት ሰማያዊ ዱቄት ያወጡ ነበር፤ ሁሉንም በግራር ሙጫ ያዋህዱት ነበር።

እኔና ጽጌ ጥቅሎቹን ከጣራው ሥር አንድ በአንድ አወረድን። አቧራው አሳለን። የጥቂቶቹ ዳር ተበልቷል፤ አንደኛው በእጄ ላይ ረገፈ። የቀሩት ግን እንደተዘረጉ ፊቶቹ ቀና ብለው አዩን። ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ።

«እንደ ቅዱሳን አድርገው ነው የሣሏቸው» አልኳቸው።

«በሥዕል ሕግ በአንድ ዓይኑ የሚሣለው ኃጢአተኛ ነው» አሉ አለቃ። «እነዚህን በአንድ ዓይን ልሣላቸው ኖሯል?»

አቧራውን በዶሮ ላባ አራገፍን፤ የተቀደደውን ከጀርባ ጨርቅ እየደረብኩ ሰፋሁ። ችግሩ ስማቸው ነበር። አለቃ ሲሥሉ ስም አልጻፉም፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸው አያይም። ስለዚህ ሥዕሎቹን ራኩባው ሥር በገመድ ሰቀልናቸውና ጽጌ በመጠለያው ዞራ «የሚያውቅ ይምጣ» አለች።

መጡ። አንዲት ሴት ከባሏ ሥዕል ፊት ተንበረከከችና፣ «ዋሽንት ይነፋ ነበር። ከስሙ ጋር እሱንም ጻፊልኝ» አለችኝ። ከጀርባው በሰፋሁት ጨርቅ ላይ ጻፍኩላት። ሌላዋ የእህቷን ሥዕል አይታ «እቴ፣ ፀጉሯ እንዲህ ተሠርቶ አያውቅም!» ስትል፣ አለቃ ካሉበት ሆነው «እንድሠራላት ራሷ ለምናኝ ነው» አሉ። ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙዎቹ ስም አገኙ።

ማንም የማያውቃቸው ሁለት ቀሩ፤ ጎን ለጎን የተሰቀሉ አንድ ጎልማሳና ዓይኖቿ የጎደጎዱ ልጃገረድ። መልካቸውን ስንነግራቸው «አባትና ልጅ ናቸው» አሉ አለቃ። «ስማቸው ጠፋኝ። ሁለቱም አልተረፉም።»

ብርቄ

በነጋታው ከገዳሪፍ የሚመጣው ፒክአፕ አንዲት ወጣት አወረደ። የሱዳን ቶብ ለብሳለች። ሥዕል መሰቀሉን ገበያ ላይ ሰምታ የመጣች ናት። በገመዱ ሥር ቀስ ብላ ሄደችና አባትና ልጁ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ብሩሹ ከጽጌ እጅ ወደቀ። አለቃ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ወዲህ ነይ።» ወጣቷ ተንበረከከችላቸው። በጣታቸው ግንባሯን ዳሰሱ፤ ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ አገኙ። «ይሄን ጠባሳ ሥዬዋለሁ፤ እዩልኝ» አሉን። አየን፤ በሥዕሉ ላይ እዚያው ቦታ ላይ አለ። ሽማግሌው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

ብርቄ ትባላለች። ሕመሙ በጸናባት ጊዜ አባቷ አያ ደሴ «ሳትሄድብኝ ሣሉልኝ» ብለው አለቃን ለምነዋቸዋል። ማታውኑ መኪና ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ወሰዳት፤ አለቃም እዚያው የሞተች መስሏቸው ነበር። ድና ስትመለስ አባቷ ተቀብረው አገኘች፤ ማንም የማያውቃት ሆና ወደ ከተማ ተመልሳ ሰው ቤት ተቀጠረች። አባቷም ከጎኗ ሆነው መሣላቸውን አታውቅም ነበር።

«እኛን ሲሥሉን አባቴ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እጅሽን ይዞ ስለ አንዲት ቡሬ ጊደር ያጫውትሽ ነበር።»

«ቡሬማ የኔ ናት! ስወለድ የሰጠኝ!» አለች፤ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ።

የአባቷን ሥዕል ዳር በጣቷ ነካ አደረገች እንጂ ስጡኝ አላለችም። አለቃ ግን «ስጫት» አሉኝ። እኔ ተከራከርኩ። ስፌቱ ገና ነው፤ የምታድርበት ክፍል ጭስ ይገባዋል፤ አንድ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል አልኩ። ያልኩት ሁሉ ከሙያው አንጻር ልክ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ለሳጥን ነው የሣልኩት?» አሉኝ በቀስታ።

አፈርኩ። ከገዳሪፍ ፎቶ አንሺ አስመጥተን ሁሉንም ፊቶች አስነሣን። የአያ ደሴን ሥዕል በጥንቃቄ ጨረስኩና እንዳታጥፈው፣ ፀሐይና ጭስ እንዳይነካው ለብርቄ አያያዙን አሳየኋት። የራሷን ስሰጣት ግን መለሰችልኝ። «የኔው እዚሁ ይሁን፤ ከነሱ ጋር ነበርኩ» አለች። «የአባቴን ፎቶ ብቻ ከጎኔ አድርጉልኝ።»

ሌሎችም የየራሳቸውን መውሰድ ይችሉ ነበር። ጥቂቶቹ ወሰዱ፤ ጎጇቸው የሚያፈስባቸው ተዉት። የቀሩትን ቀለሙን ወደ ውጭ አድርገን ጠቀለልን፤ በሐጂ ጨርቅ ሸፍነን፣ ተባይ እንዳይደርስባቸው የደረቀ የኒም ቅጠል በመሐል እያደረግን ሳጥኑን ዘጋን።

መልስ

ስንወጣ ዝናቡ ያዘን። ጥቁሩ አፈር ወዲያው ጭቃ ሆኖ መኪናዋን ዋጣት። በእርሻው ላይ የነበሩ የአገራችን ልጆች ሮጠው መጡ፤ «ሳጥኑ ምንድን ነው የያዘው?» ሲሉ ጽጌ «ሰዎቻችን ናቸው» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ተሸክመው እስከ ጥርጊያው መንገድ አደረሱልን። ሐጂ እንድሪስ ሳጥኑን ከመሬት ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ አስቀመጡት። «ሊያይ የመጣ ሁሉ ይግባ፤ ጨርቅ ባይገዛም» አሉ።

ካርቱም ቤቴ ስደርስ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ፣ ከልብሶቼ ሥር የወንድሜን አንድ ፎቶግራፍ አወጣሁ። ወንድሜ ስንሰደድ መንገድ ላይ ነው የቀረው። እኔ የሰው ብራናና የሰው መጽሐፍ ስጠግን የኖርኩ ሴት፣ የሱን ፎቶ ጀርባ ባዶውን ትቼው ነበር። ስሙን ጻፍኩበት። ያን ጉዞ ባልሄድ ኖሮ ስሙን መጻፉ ይበቃል ብዬ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ካርቱም ተወልዳ ያደገችው ልጄ ከኋላዬ መጥታ አንገቷን አሰገገች።

«ያማ፣ ዳ ሚኑ? ማነው ይሄ?»

«አጎትሽ ነው» አልኳትና ከጎኔ አስቀመጥኳት። ሲስቅ እንዴት እንደነበር ከዚያ ጀመርኩላት።