ዝንጀሮ የሚያውቀው አካሄድ

ዓመቱን በልኩ አላስታውሰውም። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ «ኧረ በኋላ ነው» ትላለች። በቆሎው እሸት ይዞ እንደነበር ግን አልረሳም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአዳማ ወደ ሶደሬ ሲወርዱ፣ አዋሽ ዳር ነበር። ከማሳችን በላይ ገደል አለ፤ ገደሉ የዝንጀሮዎች ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዱ ጎፈራም አውራ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ሣር እየነጨ ወደ ሌላ የሚያይ ይመስላል እንጂ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እኔም ወንጭፌን ይዤ ከማማዬ ላይ አየዋለሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከኋላው ይጠብቃሉ። እንዲህ ስንተያይ እንውላለን። እውነቱን ለመናገር እወዳቸው ነበር፤ በቆሎዬን እስካልነኩ ድረስ።

በዚያው ሰሞን ወባ ጣለኝ። የዓመት ቀለባችን ያ በቆሎ ብቻ ነው። ባለቤቴ በእኔ ፈንታ ማማው ላይ ወጣች፤ ጮኸች፣ ድንጋይ ወረወረች። ዝንጀሮዎቹ ቀና ብለው አዩዋትና መብላታቸውን ቀጠሉ። አውራው ጭራሽ ጥርሱን አገጠጠባት። ተናዳ መጣች።

«ሴት ናት ብለው ናቁኝ እኮ!»

ዝንጀሮን በኦሮምኛ ጃልዴሳ የሚለው ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ሰምቶ፣ «ጃልዴሳ ሴት አይፈራም፣ እትዬ፤ የታወቀ ነው» ብሏት አለፈ።

በማግስቱ ሱሪዬን፣ ካፖርቴን፣ ባርኔጣዬን ለብሳ ወጣች። እኔ በር ላይ ሰሌን ተነጥፎልኝ እየተንቀጠቀጥኩ አያለሁ። አውራው ብድግ አለ። አያት፤ ደግሞ አያት፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። ወዲያው ገባኝ፤ አካሄዷ ነው።

«አንቺ፣ ቀስ በይ እንጂ! እኔ መቼ እንዲህ እሮጣለሁ?»

«እንደ አንተ ከተራመድኩማ እኔ እስክደርስ በቆሎው ያልቃል!»

ቢሆንም ሰማችኝ። ጎንበስ አለች፤ ዱላዬን ትከሻዋ ላይ አጋደመች፤ ግራ እግሯን ጎተት እያደረገች ጉሮሮዋን ጠራረገች። እኔው ራሴን በማሳው ውስጥ ስሄድ አየሁት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ስታየኝ ኖራለች! አውራው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን አፈፍ አድርገው ገደሉን ወጡ።

ጎረቤታችንም ከመንገድ ላይ «ጋሼ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት!» ብሎ ተጣራ። እጇን ብቻ አነሳችለት። እኔ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

እስክነሳ ድረስ ጠዋት ጠዋት እኔን ሆና ማሳ ትውላለች፤ ማታ እሷው ሆና አጥሚት ታጠጣኛለች። አንድም ቀን ደከመኝ አላለችም። በቆሎው ለጎተራ በቃ። ዝንጀሮዎቹ የቀመሱትን አልቆጭበትም፤ እነሱም የፈጣሪ ፍጥረት ናቸው።

አሁን አዳማ፣ ልጃችን ዘንድ ነን፤ በደጃችን ባጃጅ እንጂ ዝንጀሮ አያልፍም። ሰዎች ያን ክፉ ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት ሲጠይቁኝ፣ አስቀድሜ እግዜርን አመሰግናለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ያሻገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ የልጆቼ እናት።